የእንጨት አውሮፕላን ሙጫ በጅማ አየር፦ ቲ-88፣ ሬሶርሲኖል፣ ኮላና ሌሎቹ

ፍርዱን ከፊት እናስቀምጠው። ጅማ ውስጥ ትንሽ የእንጨት አውሮፕላን በራሱ እጅ ለሚሠራ ሰው ቀዳሚው ምርጫ ሲስተም ስሪ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሚያመርተው ቲ-88፣ ሬዚንና ማጠንከሪያ ተዋህደው የሚጠነክሩበት ኢፖክሲ የተባለ ሙጫ ነው። ሬሶርሲኖል የተባለው ሌላው ሙጫ በዕድሜም ውሃን በመቋቋምም ይበልጠዋል። ነገር ግን የሚፈልገውን ሙቀት፣ ግፊትና ክፍተት የሌለው መጋጠሚያ ማሟላት ለማይችል ወርክሾፕ ሬሶርሲኖል የሚያተርፈው ከውጭ ሲታይ ያማረ፣ ከውስጥ ግን የላላ መጋጠሚያ ነው። ከሄርማታ መርካቶ መደብሮች በባልዲ የሚገዛው ነጭ ኮላ፣ በቆርቆሮ የሚሸጠው ማስቲሽና በአምስት ደቂቃ የሚደርቀው ባለሁለት ቱቦ ማጣበቂያ ለሌላ ሥራ ይጠቅማሉ፤ አውሮፕላኑ ላይ ግን አንድም ጠብታቸው መቅረት የለበትም።

የቤት በር ላይ ሙጫው ቢለቅ ምላሱና ሚስማሩ ይይዙታል። እንደ ፒተንፖል ኤር ካምፐር፣ ፍላይ ቤቢ ወይም ጆዴል ዲ-9 ባሉ ከእንጨት በሚሠሩ ትንንሽ አውሮፕላኖች ላይ ግን ትንንሾቹ ሚስማሮች የሚመቱት ሙጫው እስኪደርቅ እንዲይዙ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ጭነቱን ከእንጨት ወደ እንጨት የሚያሻግረው ሙጫው ነው። ክንፉን ከዳር እስከ ዳር የሚሸከመው ወጋግራ፣ በወጋግራው ላይ የሚደረደሩት ጎድኖች፣ ከላይ የሚለብሰው ኮምፔንሳቶ ሁሉም የተያያዙት ውፍረቱ ከወረቀት ብዙም በማይበልጥ ንጣፍ ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 31 ቀን 1931 በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት የወደቀው ፎከር ኤፍ-10 ክንፉ በአየር ላይ ተገንጥሎ ስምንት ሰዎች ሞተውበታል፤ ወደ ክንፉ ውስጥ የገባ እርጥበት ሙጫውን እንዳላላው ይታመናል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ ለጀርመኑ ፎከ-ቩልፍ ታ 154 የሚሆነውን ሙጫ ያመርት የነበረው የቩፐርታል ፋብሪካ በቦምብ ሲመታ በምትኩ የገባው ሙጫ አሲዱ በዝቶ እንጨቱን ራሱን በላው። በሁለቱም አውሮፕላኖች ላይ መጋጠሚያው በተጣበቀበት ቀን ደህና ይመስል ነበር።

አሁን ወደ ጅማ እንምጣ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር አልፋ የተቀመጠች፣ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የምታገኝ ናት። ዝናቡ ከመጋቢት ጀምሮ እየበረታ እስከ መስከረም ይዘልቃል። እንጨት ደግሞ የሚይዘው ውሃ በዙሪያው ካለው አየር ጋር ይሄዳል፦ ሙቀቱ 20 ዲግሪ አካባቢ ሆኖ የአየሩ እርጥበት 50 በመቶ ሲሆን እንጨቱ 9 በመቶ ገደማ ውሃ ይዞ ይረጋል፣ 65 በመቶ ሲሆን 12፣ 80 በመቶ ሲሆን 16። ለማጣበቅ የሚመከረው ከ8 እስከ 12 በመቶ ነው። ስለዚህ በሐምሌ ግድግዳው በተከፈተ መጠለያ ውስጥ የተደረደረ ጣውላ እጅ ሲነካው ደረቅ ቢመስልም ለሙጫ የደረሰ አይደለም። 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የስፕሩስ፣ ለአውሮፕላን የሚመረጠው ለስላሳ እንጨት፣ ጣውላ ከ16 ወደ 12 በመቶ ሲደርቅ እንደ አቆራረጡ እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር ሊጠብ ይችላል። እርጥብ ሆኖ ከደረቀ ኮምፔንሳቶ ጋር የተጣበቀ ከሆነ ያንን 1.5 ሚሊ ሜትር የሚታገለው ሙጫው ነው፤ ገና አንድም ቀን ሳይበር ውጥረት ተሸክሞ ይጀምራል።

በጋው ሌላ ጣጣ ያመጣል። በኅዳርና በታኅሣሥ ቀኑ ሞቃት ሆኖ ሌሊቱ ወደ 10 ዲግሪ ይወርዳል። ሙጫ ደግሞ የሚጠነክረው በሌሊትም ጭምር ነው። ከዚህ በታች ያሉትን ሁሉ የመዘንናቸው በእነዚህ ሁለት ነገሮች፣ በክረምቱ እርጥበትና በበጋው ሌሊት ብርድ ነው።

ሬሶርሲኖል ጠቆር ያለ ቀይ ፈሳሽና ዱቄት ሆኖ ይመጣል። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው ኤሲ 43.13-1ቢ የተሰኘ የጥገና መመሪያ ለእንጨት አውሮፕላን የጥንካሬና የዘላቂነት መስፈርቱን ሙሉ በሙሉ ያሟላል ብሎ የሚመክረው ይህንን ነው። ውሃ ውስጥ ቢቀቀል አይለቅም፣ ሻጋታ አይበላውም፣ የፀሐይ ሙቀት አያላላውም። የቅልቅሉ መጠን እንደ አምራቹ ይለያያል፤ ኤሮዱክስ 185 የተባለው ለምሳሌ ለ100 ግራም ፈሳሽ 20 ግራም ዱቄት ይፈልጋል።

ችግሩ የሚጠይቀው ነገር ነው። የሙጫው ንጣፍ ከ0.13 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም፤ ክፍተት አይሞላም። ለስፕሩስ ዓይነት ለስላሳ እንጨት በእያንዳንዱ ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ከ9 እስከ 10.5 ኪሎ ግፊት ይፈልጋል፣ ለጠንካራ እንጨት እስከ 14 ኪሎ። 2 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 30 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው መጋጠሚያ 60 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ነው፤ ስለዚህ ከ540 እስከ 630 ኪሎ ግፊት ማለት ነው። ይህን ሦስት አራት ጠንካራ ሞርሳ ይወጣዋል። የአራት ሜትር ወጋግራ ግን ሞርሳ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጎን ለጎን መደርደር ይጠይቃል፣ ግፊቱም በሁሉም ቦታ እኩል መሆን አለበት። በመጨረሻም ሙጫው ያለበት ቦታ ራሱ፣ የክፍሉ አየር ብቻ ሳይሆን፣ እስኪጠነክር ድረስ ከ21 ዲግሪ በታች እንዳይወርድ ይመከራል። ለጅማ ሌሊት ከባዱ ይህ ነው።

መፍትሔው አለ፦ በሥራ ጠረጴዛው ላይ የላስቲክ ድንኳን ወጥሮ ውስጡን በአምፖል ማሞቅና ቴርሞሜትሩን እንጨቱ ላይ ማሰር። መብራት ሲጠፋ ግን ድንኳኑ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይበርዳል፣ ጀነሬተር የሌለው ሰው ደግሞ ማጠንከሩ መሃል ላይ የቆመ መጋጠሚያ ይታቀፋል። በከሰል ማሞቅ አይታሰብ። በተዘጋ ድንኳን ጭሱ ሰው ይገድላል፣ አሴቶንና ቲነር ባለበት ክፍል እሳት ያስነሳል፣ ሙጫው ኢፖክሲ ከሆነም ከከሰሉ የሚወጣው አየር የሙጫውን ፊት ያበላሻል። ጥሩ አናጺ፣ ብዙ ሞርሳና አስተማማኝ መብራት ላለው ሰው ሬሶርሲኖል ከአስር ዘጠኝ ነው፤ እነዚህ ለሌሉት አራት።

ቲ-88 ላይ ረዘም እንበል፣ ምክንያቱም አብዛኛው ሠሪ የሚጠቀመው እሱን ነው፣ የሚያበላሸውም እሱን ነው።

ሁለት ጠርሙስ ነው፤ አንዱ ሬዚን፣ አንዱ ማጠንከሪያ። በመጠን ከተለካ እኩል በእኩል ነው። በሚዛን ከተለካ ግን 100 ለ83 ነው፣ ማጠንከሪያው ቀለል ይላልና። በሚዛን እኩል በእኩል የመዘነ ሰው ማጠንከሪያውን 20 በመቶ አብዝቷል ማለት ነው። ውጤቱ የማይደርቅ ሙጫ ቢሆን ኖሮ ወዲያው ይታወቅ ነበር፤ ግን ይደርቃል፣ ደርቆም ለስለስ ያለና ሙቀት የማይችል ይሆናል። ማጠንከሪያ ሲበዛ ቶሎ ይጠነክራል የሚለው እምነት ለቀለም ሠሪ ሊመስለው ይችላል፣ ለኢፖክሲ ግን ስህተት ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል የሚዋሃደው ከድርሻው ጋር ብቻ ነው። አንድ አስረኛ ግራም የሚለይ የወርቅ ቤት ዓይነት ሚዛን ይበቃል። ለጎድን ሥራ 20 ግራም ሬዚንና 16.6 ግራም ማጠንከሪያ ጥሩ መጠን ነው፤ ለወጋግራ 50 ግራምና 41.5 ግራም።

በጠፍጣፋ ቂጥ ኩባያ ውስጥ ጎንና ሥሩን እየፋቃችሁ ሦስት ደቂቃ ሙሉ አዋህዱ። ኩባያው ጥግ ላይ ያልተዋሃደ ሬዚን ከቀረ እሱም ሄዶ አንድ መጋጠሚያ ላይ ያርፋል፣ እዚያ ቦታ ሙጫው ሁልጊዜ እንደ ማር ተጣብቆ ይቀራል። ስለዚህ የተዋሃደውን ወደ ሁለተኛ ንጹሕ ኩባያ ወይም ወደ ሰፊ ሳህን ገልብጣችሁ እንደገና ማሸት ዋጋ አለው። ሳህኑ ሌላም ጥቅም አለው፦ ኢፖክሲ ሲጠነክር ሙቀት ያወጣል፣ ኩባያ ውስጥ ተከማችቶ ሲቆይ ራሱን በራሱ እያሞቀ ቶሎ ይቋጠራል። በ25 ዲግሪ አካባቢ ከግማሽ ሰዓት እስከ 45 ደቂቃ የመሥሪያ ጊዜ አላችሁ፤ በሳህን ላይ ሲዘረጋ ይረዝማል።

ሁለቱንም ፊቶች ቀቡ፣ አንዱን ብቻ አይደለም። የእንጨት ጫፍ፣ ቃጫው የተቆረጠበት በኩል፣ ሙጫ ይጠጣል፤ ቀብታችሁ አስር ደቂቃ ያህል ጠብቃችሁ የጠጣውን መተካት ግድ ነው። ያም ሆኖ ጫፍ ለጫፍ የተጣበቀ እንጨት ጭነት እንዲሸከም አይጠበቅም። ጣውላ መቀጠል ካስፈለገ ሁለቱንም ጫፍ አጋድሞ መላግ ነው፣ ለእያንዳንዱ 1 ሴንቲ ሜትር ውፍረት 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ሰጥቶ። 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ ላይ ይህ 24 ሴንቲ ሜትር የተጋደመ ፊት ነው፤ አጭር ማድረግ እንጨት ይቆጥባል፣ ክንፍ ግን ያሳጣል።

ሬሶርሲኖል የለመደ ሰው ቲ-88 ላይ የሚሠራው ትልቁ ጥፋት ሞርሳውን አጥብቆ ማሰር ነው። ኢፖክሲ ግፊት አይፈልግም፤ ሁለቱ ፊቶች ተነካክተው ቦታቸው ላይ መቆየታቸው ብቻ ይበቃዋል። ሞርሳው ሲጠብቅ ሙጫው ሁሉ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ሠሪውም ከዳር የፈሰሰውን አይቶ በደንብ የተቀባ ይመስለዋል፤ መሃሉ ግን ደረቅ ሆኗል። የሚፈለገው በመጋጠሚያው ዙሪያ ያልተቋረጠ ቀጭን የሙጫ መስመር ሲወጣ ማየትና እዚያ ማቆም ነው።

በብርድ ላይ የቲ-88 ብልጫ ግልጽ ነው። አምራቹ እስከ 2 ዲግሪ ድረስ ይጠነክራል ይላል፣ ለአየር እርጥበትም እንደ ብዙዎቹ ኢፖክሲዎች አይበሳጭም። ግን መጠንከሩ ፈጥኖ መጠንከሩ ማለት አይደለም። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በወረደ ቁጥር የሚፈጀው ጊዜ በግምት እጥፍ ይሆናል። በ25 ዲግሪ ለሥራ የሚበቃ ጥንካሬ በ24 ሰዓት፣ ሙሉው በ72 ሰዓት ነው የሚደርሰው። በታኅሣሥ ጅማ፣ ቀኑ ሞቆ ሌሊቱ ሲበርድ፣ ሞርሳውን ከሁለት ቀን በፊት አትፍቱ፣ መጋጠሚያውን ከሳምንት በፊት አታስጨንቁ። ጠርሙሱ በብርድ ቆይቶ ሬዚኑ እንደ ረጋ ማር ቢነጣና ቢሻክር አልተበላሸም፤ ክዳኑን ላላ አድርጋችሁ 50 ዲግሪ ገደማ የሆነ ውሃ ውስጥ አስቀምጡት፣ እስኪጠራ አማስሉት፣ ሲቀዘቅዝ ተጠቀሙበት። ሳይሟሟ መለካት ግን መጠኑን ያዛባል።

ደካማ ጎኑ ሙቀት ነው። እንደ ማንኛውም በክፍል ሙቀት የሚጠነክር ኢፖክሲ የፀሐይ ግለት ሲበዛበት ይለሰልሳል፣ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። በአባ ሰጉድ አውሮፕላን ማረፊያ ዓይነት ገላጣ ሜዳ ላይ ከቀትር በኋላ የቆመ ጥቁር ሰማያዊ ወይም ቀይ ክንፍ ላዩ ከ70 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፣ ጭነት ያለበት መጋጠሚያ ደግሞ በዚያ ሙቀት መሸርተት ይጀምራል። ስለዚህ በኢፖክሲ የተጣበቀ ክንፍ ነጭ ወይም ለነጭ የቀረበ ቀለም ይቀባል። ይህ የውበት ጉዳይ አይደለም፤ ሰንደቅ ዓላማ ክንፉ ላይ ለመሳል የሚያስብ ሰው ጅራቱ ላይ በትንሹ ቢያደርገው ይሻላል።

እጅ ላይም እንነጋገር። የኢፖክሲ ማጠንከሪያ ቆዳን ያስቆጣል፤ በተደጋጋሚ የነካው ሰው አንድ ቀን ሰውነቱ መቀበል ያቆማል፣ ከዚያ በኋላ ሽታው ብቻ እጁንና ፊቱን ያሳክከዋል፣ ሥራው ግማሽ ላይ ይቀራል። የናይትሪል ጓንት በየቀኑ አዲስ ይሁን። እጅ ላይ የነካውን በአሴቶን ወይም በቲነር ማጠብ ኬሚካሉን ወደ ቆዳ ውስጥ ያስገባዋል፤ በሳሙናና በውሃ እጠቡ።

ሌላው የሚታወቅ ኢፖክሲ ዌስት ሲስተም 105 ሬዚን ከ205 ማጠንከሪያ ጋር ነው፣ አምስት ለአንድ በመጠን። ቀጭን ስለሆነ ብቻውን ለመጋጠሚያ አይሆንም፤ መጀመሪያ ቀጭኑን ቀብቶ እንጨቱን ማጠጣት፣ ቀጥሎ 406 በተባለው የሲሊካ ዱቄት ማወፈር ያስፈልጋል። በእርጥብ አየር ደግሞ ሲጠነክር ላዩ ላይ ሰም መሰል ንጣፍ ያወጣል። ያንን በውሃና በሻካራ ስፖንጅ ሳያጥብ ሁለተኛ ሙጫ የቀባበት ሰው ሁለተኛውን ያጣበቀው ከሰሙ ጋር ነው። በጅማ ክረምት ይህ የተለመደ ክስተት እንደሚሆን መገመት ይቻላል። ውስጡን ከእርጥበት ለመሸፈን ግሩም ነው፤ ለመጋጠሚያ ቲ-88ን እናስቀድማለን።

ከከተማው መደርደሪያ የሚገኙትን በአጭሩ እንለፍ። ነጭ ኮላ ለቁም ሣጥንና ለወንበር የተመሰከረለት ነው። ግን ሁልጊዜ የሚጎትተው ጭነት ሲኖር ቀስ እያለ ይሸራተታል፣ ሲሞቅ ይላላል፣ ሲረጥብ ይለቃል። ቢጫው ውሃ ቻይ የተባለው ታይትቦንድ 3 እንኳ በአምራቹ ራሱ ለመዋቅር ሥራ አይመከርም። ኮላ የሚጠቅመው የጎድን ማዘጋጃ ሰሌዳውን ለመሥራት ነው፣ እዚያም ቢሆን ከአውሮፕላኑ እንጨት ራቅ አድርጋችሁ፤ ኮላ የነካው እንጨት ላይ ኢፖክሲ አይይዝም፣ ቦታውም በዓይን አይለይም። ማስቲሽ ለጫማና ለፎርማይካ ነው፣ ለዘላለሙ ላስቲክ ሆኖ ይቀራል። የአምስት ደቂቃው ማጣበቂያ ውሃና ሙቀት አይችልም፤ ለሙከራ ቁርጥራጭ ካልሆነ አትግዙት። ፖሊዩሪቴን የሚባለው አረፋ የሚያወጣው ሙጫ ክፍተት የሞላ ይመስላል፣ አረፋው ግን ጉልበት የለውም።

ከሁለቱ የድሮ ሙጫዎች ጋር ደግሞ አሮጌ ዕቅድ ላይ ትገናኛላችሁ። ኬዚን ከወተት ፕሮቲን የሚሠራ ሲሆን እርጥበት ሲያገኘው ሻጋታና ባክቴሪያ ይበሉታል። ዩሪያ ፎርማልዴሃይድ፣ በተለይ ኤሮላይት የሚባለው፣ በአውሮፓ ብዙ አውሮፕላን ተሠርቶበታል፤ በሙቀትና በእርጥበት መፈራረቅ ግን ይደክማል። ያው የአሜሪካ መመሪያ ሁለቱንም ጊዜ ያለፈባቸው ይላቸዋል። ዕቅዱ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ወይም በ1950ዎቹ የተሣለ ከሆነና ከእነዚህ አንዱን ቢያዝ፣ ለጅማ አየር ሙጫውን ቀይሩ፣ የእንጨቱን ልክ ግን አትንኩ።

ኮምፔንሳቶ ውስጥም ሙጫ አለ፤ ብዙ ሰው ይህን ይዘነጋል። ለጣሪያና ለበር የሚሸጠው ሉህ በምን እንደተጣበቀ አይታወቅም፣ ውስጡ ላይም የተሰነጠቀና የተደራረበ ልባስ ይኖራል። የአውሮፕላን ኮምፔንሳቶ በፌኖል ሙጫ በትኩስ ማሽን የተጨመቀ፣ ውስጡ ክፍተት የሌለው ነው። የምትገዙት ሉህ ምን እንደሆነ ለማወቅ 5 በ5 ሴንቲ ሜትር ቆርጣችሁ ቀቅሉት፦ አራት ሰዓት ማፍላት፣ 20 ሰዓት በ60 ዲግሪ ገደማ ማድረቅ፣ እንደገና አራት ሰዓት ማፍላት። በጅማ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነውና ፈተናው ከባሕር ጠለል ትንሽ ይቀላል፤ ለእያንዳንዱ ማፍላት አንድ ሰዓት ጨምሩበት። ልባሶቹ ከተላቀቁ ያ ሉህ ለወርክሾፑ መደርደሪያ ይሁን። ይህን ያለፈ ሁሉ ግን ለአውሮፕላን ይሆናል ማለት አይደለም፤ ፈተናው የሚጥለውን እንጂ የሚያጸድቀውን አይነግራችሁም።

የአካባቢውን እንጨት በተመለከተ፣ ዋንዛ ሙጫ በደንብ ይቀበላል፣ ጽድ ግን ቅባት ስላለው ያስቸግራል፤ ለመቀባት ከመነሳታችሁ ትንሽ ቀደም ብላችሁ በአሴቶን ጠርጉት። ባሕር ዛፍ ጥቅጥቅ ያለና የሚጠማዘዝ ስለሆነ ለዚህ ሥራ አይመረጥም። ዋንዛ፣ ዝግባና ጽድ ከተፈጥሮ ደን እንዳይቆረጡ የተከለከሉ ናቸውና ምንጩ የሚታወቅ ጣውላ ብቻ ግዙ። ዕቅዱ ስፕሩስ ካለ የወጋግራውን እንጨት በአካባቢ ጣውላ መተካት የሙጫ ምርጫ ሊሸፍነው የማይችል ሌላ ስሌት ነው።

ማንኛውም ሙጫ የሚይዘው እንጨቱ ከተዘጋጀለት ነው። ደነዝ መላጊያ የእንጨቱን ፊት ያብረቀርቀዋል፣ ቃጫውን ይደፍነዋል። አንድ ጠብታ ውሃ ጣል አድርጉበት፤ ግማሽ ደቂቃ ቆይቶ እንደ ዶቃ ከተቀመጠ ሙጫም እንደዚያው ይቀመጣል። ለሬሶርሲኖል በስለታም መላጊያ የተላገ ለስላሳ ፊት ነው የሚፈለገው፣ ብርጭቆ ወረቀት አይደለም። ለኢፖክሲ ቁጥር 80 ብርጭቆ ወረቀት በቀላሉ ማሻሸት ይረዳል፣ ዱቄቱን በብሩሽና በማሽን ማንሳት ግን አይረሳ። የመጨረሻው ልገትና ማጣበቁ መሃል ከስምንት ሰዓት በላይ እንዳያልፍ መመሪያው ይመክራል፤ የቡናና የወጥ ጭስ ካለበት ግቢ ደግሞ ከዚያም ያንስ። ከሥር የምታነጥፉት ላስቲክ ይሁን፣ ሰም የተቀባ ወረቀት አይሁን፤ ሰሙ በሞርሳው ግፊት ወደ እንጨቱ ይሸጋገራል። ሲሊኮን ያለበት ቅባት ወርክሾፑ ውስጥ አይግባ።

ክረምቱን በሙሉ ሥራ ማቆም አያስፈልግም። ጣውላውንና ኮምፔንሳቶውን ከወለሉ ግማሽ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ በተዘጋ ክፍል፣ ከሥሩ ሌሊትና ቀን የሚበራ አንድ ሁለት አምፖል አድርጋችሁ አስቀምጡ። ባለሁለት መርፌ የእርጥበት መለኪያ 12 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ሲያሳይ ብቻ ወደ ጠረጴዛው አምጡት፣ በዚያው ቀንም አጣብቁት። መለኪያው ከሌለ ትንሽ ቁራጭ መዝናችሁ በ103 ዲግሪ ምድጃ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም አድርቁ፤ የጠፋውን ክብደት ለደረቀው ክብደት ማካፈል እርጥበቱን ይሰጣችኋል። 56 ግራም የነበረው 50 ግራም ላይ ከቆመ 12 በመቶ ነበር።

ከእያንዳንዱ ኩባያ ለሙከራ አንድ ጥንድ ቁራጭ አጣብቁ፣ ከሥራው ከተረፈው ተመሳሳይ እንጨት፣ ከሥራው ጎን በተመሳሳይ ብርድ ውስጥ። ላዩ ላይ ቀኑን፣ የጠርሙሱን የምርት ቁጥርና የትኛው መጋጠሚያ እንደሆነ ጻፉ። ከሳምንት በኋላ በመሮና በመዶሻ ሰንጥቁት። የተሰነጠቀው ፊት ቢያንስ ሦስት አራተኛው በተቀደደ ቃጫ መሸፈን አለበት። ሙጫው እንደ መስታወት ለስልሶ ከተገኘ እንጨቱ አልተዘጋጀም ወይም ሙጫው ሳይነካካ ደርቋል፤ ሙጫው በጥፍር ከተጫነ ቅልቅሉ ተዛብቷል። ሁለተኛ ጥንድ ለአንድ ቀን ውሃ ውስጥ አሳድራችሁ፣ አድርቃችሁ ያንኑ አድርጉ። ጉልበቱን በቁጥር ማወቅ የሚፈልግ ሰው የመሳቢያ ማሽን ስለማግኘት የጅማ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትን ሊጠይቅ ይችላል። ቁራጩ ከወደቀ የዚያ ኩባያ መጋጠሚያ ሁሉ ይፈርሳል፤ ኢፖክሲውን አሙቆ ማላቀቅ ስለሚቻል እንጨቱ አንዳንዴ ይተርፋል፣ ግን ፊቱ እንደገና እስከ ንጹሕ እንጨት መላግ አለበት።

ቁራጮቹንና መዝገቡን አትጣሉ። የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ሳይሰጥ ምንም ነገር ከመሬት አይነሳም። ክንፉ በኮምፔንሳቶ ከተሸፈነ በኋላ ውስጡን ማሳየት ስለማይቻል የተዘጋውን መጋጠሚያ የሚመሰክረው ይህ መዝገብና ከመዘጋቱ በፊት የተነሳ ፎቶ ነው። ከባለሥልጣኑ ጋር መነጋገር የመጀመሪያው ጎድን ከመጣበቁ በፊት ይሁን።

ስንት ትግዙ? የመጋጠሚያዎቹን ስፋት ከዕቅዱ ደምሩ። 0.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ንጣፍ በአንድ ስኩዌር ሜትር 200 ሚሊ ሊትር ነው። 2 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው አራት ፊቶች ያሉት የአራት ሜትር ወጋግራ 0.32 ስኩዌር ሜትር ይሆናል፣ 64 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ከዳር የሚወጣውና ኩባያ ላይ የሚቀረው ሲታሰብ እጥፉን፣ 130 ሚሊ ሊትር ያዙ። ለሙከራ ቁራጮቹ አስር በመቶ ጨምሩ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ከማስመጣት በሁለት ዙር ማስመጣት ይሻላል፣ ሥራው ዓመታት ስለሚፈጅ የመጀመሪያው ጠርሙስ ያረጃል። ሻጩን የምርት ቀኑን ጠይቁ፣ ከዓመት በላይ የቆየውን አትቀበሉ። ማጠንከሪያው ቆዳ የሚያቃጥል ኬሚካል ተብሎ ሊመደብ ስለሚችል በዘመድ ሻንጣ አይመጣም፤ ከሻጩ የኬሚካል ደህንነት መረጃ ሰነዱን ቀድማችሁ አስልኩና ለአጓጓዡና ለጉምሩክ አሳዩ። ሬዚኑና ማጠንከሪያው ከአንድ ምርት መሆናቸውን ሳጥኑን ስትከፍቱ እዚያው አረጋግጡ።